ጽሑፍ እንዴት ይሰማል?

አንዲት ዓይነ ስውር ዕጩ መምህርት ነገ ጠዋት አምስተኛ ክፍል ገብታ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ታስተምራለች እንበል። የተማሪው መጽሐፍ በፒዲኤፍ ተልኮላታል፤ ጓደኛዋ የጻፈው ማስታወሻ በቴሌግራም ደርሷታል፤ ከኢንተርኔት ያወረደችው መልመጃም አለ። ሦስቱም ላፕቶፕዋ ውስጥ ናቸው። እንዴት ታነባቸዋለች?

ሰበታ ላይ ይህ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟ ሲነሣ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትም አብሮ ይነሣል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም እዚያው ነው። ስለዚህ የብሬልን ነጥብ በጣቱ መዳሰስ የሚጀምር ሕፃንና እሱን የመሰሉ ልጆችን ለማስተማር የሚዘጋጅ ወጣት በአንድ ከተማ ይኖራሉ። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነጭ በትሩን አጥፎ ስልኩን ወደ ጆሮው ያስጠጋ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ግራና ቀኝ የሚያንሸራትት ወጣት አጠገባችሁ ተቀምጦ ከሆነ፣ ዛሬ የምናወራው ያንን ስልክ ስለሚያናግረው ፕሮግራም ነው።

ለረጅም ጊዜ የነበረው መልስ «ሰው ያነብላታል» የሚል ነበር። ዓይናማ ጓደኛ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ወይም ምዕራፉን በካሴት ቀድቶ ይሰጣታል። ጓደኛው ፈተና ሲኖርበት፣ ሲታመም፣ ሲሰለቸው ንባቡ ይቆማል። ሌላው መልስ ብሬል ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ገና በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ የቀመረው ይህ ጽሕፈት በስድስት ነጥቦች ይሠራል። ነጥቦቹ በመነሣትና ባለመነሣት 63 ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ስለሆነ አይበቃውም፤ ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል። ብሬል ግን ቦታ ይፈጃል። በእጅ የሚያዝ አንድ የተማሪ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ የሚያትመው ማሽንም በየትምህርት ቤቱ አይገኝም።

ሦስተኛው መልስ ስክሪን ሪደር ነው። ብዙ ሰው ይህ ፕሮግራም እንደ ካሜራ ስክሪኑን እያየ ፊደል የሚለይ ይመስለዋል። ስክሪኑን ግን አያየውም። ስክሪኑ ቢጠፋም፣ ቢሰነጠቅም፣ ጭራሽ ባይኖርም ሥራውን ይቀጥላል።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ በደንብ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለዓይን ከሚያሳየው ገጽ በስተጀርባ አንድ ዝርዝር ይይዛል። ይህ ርዕስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው፤ ይህ «ላክ» የሚባል ቁልፍ ነው፤ ይህ ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ ይህ ሠንጠረዥ አራት ዓምድና ሠላሳ ረድፍ አለው፤ እያለ ይቀጥላል። ዊንዶውስም ሆነ አንድሮይድ ሌላ ፕሮግራም ይህን ዝርዝር መጠየቅ የሚችልበትን መንገድ አብረው ሠርተዋል። ስክሪን ሪደሩ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ተጠቃሚዋ አሁን ያለችበት ቦታ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይጠይቃል፤ መልሱን በቃል አሰናድቶ ለድምፅ አውጪው ያቀብላል። ቁልፍ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ከቅጽበት አይበልጥም። የብሬል ማሳያ ከተሰካለት ደግሞ ያንኑ መልስ ከፍና ዝቅ በሚሉ ጥቃቅን ዘንጎች ጣት ሥር ያወጣዋል፤ ሊብሉዊ የተባለው ነፃ የብሬል መተርጎሚያ የግዕዝ ፊደልን ሠንጠረዥም ይዟል። የብሬል ማሳያ ግን ዋጋው ለተማሪ ቀርቶ ለትምህርት ቤትም ይከብዳል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በጆሮ ይሠራል።

ከዚህ አሠራር የሚከተለውን ነገር ሁሉም መምህር ቢያውቀው እወዳለሁ። ስክሪን ሪደር የሚናገረው በዝርዝሩ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን የሚሞላው ደግሞ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ነው። አንድ ማስታወሻ ለዓይነ ስውር የሚነበብ ወይም የማይነበብ የሚሆነው በአብዛኛው የሚጻፍበት ሰዓት ላይ፣ በጸሐፊው እጅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስክሪን ሪደሮች የተሠሩት በዶስ ዘመን፣ ስክሪኑ ከፊደል በቀር ብዙ ነገር በማያሳይበት ጊዜ ነበር። አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማረ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1989 ጆውስ የተባለውን ስክሪን ሪደር አወጣ። ጆውስ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤት ይሠራበታል፤ ዋጋው ግን ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር መጻፍ ጀመረ። ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር ለመጠቀም ሌላው ከሚከፍለው በላይ መክፈል የለበትም የሚል እምነት ነበረው። በልጅነቱ በዓይነ ስውራን የሙዚቃ ካምፕ የተዋወቀው ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው። ኤንቪዲኤ በነፃ ይወርዳል፤ በፍላሽ ተይዞ ሳይጫንም ይሠራል። ኮምፒውተሩ የእሷ ላልሆነች፣ በኮሌጅ ቤተ ሙከራ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ለምትሠራ ዕጩ መምህርት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍላሹን ሰክታ ትጀምራለች። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ቶክባክ የሚባለው ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ጣት ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ወደ ቀጣዩ ነገር ይሄዳል፤ ሁለቴ ሲነካ ይከፍተዋል።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ማውዝ አያስፈልጋትም፤ ሥራው ሁሉ በኪቦርድ ነው። ዓይናማ አንባቢ አንድን ረጅም ገጽ በጨረፍታ አይቶ የሚፈልገውን ይመርጣል። ጆሮ ጨረፍታ የለውም፤ አንዱ ቃል ካለፈ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው። ስለዚህ መዝለያ ያስፈልጋታል። ኢንተርኔት ላይ ኤች የሚለውን ቁልፍ ስትነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ትዘላለች፤ በኬ ከሊንክ ወደ ሊንክ፣ በቲ ከሠንጠረዥ ወደ ሠንጠረዥ። ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች የርዕስ ደረጃን ለይተው ይወስዷታል፤ 1 ዋናው ርዕስ፣ 2 ንዑሱ፣ እያለ ይወርዳል። ኢንሰርትና ኤፍ 7 አንድ ላይ ሲጫኑ የገጹ ሊንኮችና ርዕሶች ተዘርዝረው ይቀርባሉ። ኮንትሮል ስትነካ ድምፁ ዝም ይላል። ፍጥነቱም በእጇ ነው። የለመደ ጆሮ በደቂቃ 300 ቃልና ከዚያ በላይ ይከተላል፤ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ግን አንዱም ቃል አይለይም።

ይህ ሁሉ መዝለል የሚሠራው ጸሐፊው ርዕሱን ርዕስ ብሎ ካስመዘገበ ነው። ፊደሉን አተልቆና አድምቆ ብቻ ከጻፈው ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ተራ አንቀጽ ነው። ወርድ ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1 አንድ ላይ መጫን መስመሩን በእርግጥ ርዕስ ያደርገዋል። አርባ ገጽ ያለው ማስታወሻ ያለዚህ ከተጻፈ፣ ሦስተኛውን ክፍል ለማግኘት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እያደመጠች ማለፍ አለባት።

የስክሪን ሪደሩ ሌላኛው ግማሽ ድምፅ አውጪው ነው። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ ይባላል። ኢስፒክ የሰው ድምፅ ቀድቶ አያጫውትም፤ ጉሮሮና አፍ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለዩባቸውን ንዝረቶች በስሌት ይፈጥራል። የብረት ቃና ያለው ለዚህ ነው። በጥቂት ሜጋባይት ከመቶ በላይ ቋንቋ የሚይዘው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው፣ ሲያፈጥኑትም ቃል የማይውጠው ለዚሁ ነው። ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛም አፋን ኦሮሞም አሉ። ማይክሮሶፍት ደግሞ አምሃ እና መቅደስ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ በኤጅ ብራውዘር ገጽ ሲያነቡ ሰው ይመስላሉ፤ ለጆሮም ይጥማሉ። የሚሠሩት ግን በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ረጅም ታሪክ ለማዳመጥ መቅደስን ይመርጧታል፤ ነገ ጠዋት ለሚሰጥ ትምህርት ግን የማይከዳው የኢስፒክ የብረት ድምፅ ይሻላል ባይ ነኝ።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ ማሽን ግማሹ ገር፣ ግማሹ አስቸጋሪ ነው። ገርነቱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ መምጣቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን እንደሚቀያይረው ዓይነት ጣጣ እኛ ጋ እምብዛም የለም። አስቸጋሪነቱ ያለው ፊደላችን በማይጽፋቸው ሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ልጁ ገና አልመጣም» ሲል «ና» ላልቶ፣ «የገና በዓል» ሲል ጠብቆ መነበብ አለበት፤ በጽሑፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። «አለ» ጠብቆ መኖርን፣ ላልቶ መናገርን ያመለክታል። አንባቢ ይህን ከዓረፍተ ነገሩ ስለሚረዳው ሳያስብበት ያልፈዋል። ደንብ ብቻ የተሰጠው ማሽን ግን ሐሳቡን አይረዳም፤ አንዱን መርጦ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። «ብርድ» እና «ምድር» ሁለቱም ሦስት ሦስት ሳድስ ፊደል አላቸው። «ብርድ» ስንል ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ አጭር አናባቢ ይሰማል፤ የቀሩት ሁለቱ ተጣብቀው ይወጣሉ። «ምድር» ስንል ግን ከሁለተኛውም በኋላ አናባቢ አለ። ይህን ለሕፃን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም፤ እየሰማ ያድጋል። ለማሽኑ ግን የቱ ሳድስ እንደሚነበብ፣ የቱ እንደሚዋጥ አንድ ሰው ደንብ መጻፍ አለበት፤ ከደንቡ የሚያፈነግጠውን ቃል ደግሞ ለየብቻ መመዝገብ ይጠይቃል። ኢስፒክ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ደንቡን ማንም ገብቶ ማሻሻል ይችላል። የአማርኛ ሰዋስው ያጠኑ ወጣቶችና ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች አብረው ቢሠሩበት ለስንት ሺህ ሰው ንባብ ይቃና ነበር! እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ የመመረቂያ ጥናት ሊጀመር ይችላል።

የድምፅ ንባብ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በጆሮ አንድ ናቸው። ለተራ አንባቢ ችግር የለውም፤ ለመምህርት ግን ተማሪው ደብተሩ ላይ የሚገለብጠው ቃል የእሷ ኃላፊነት ነው። ኤንቪዲኤ ለዚህ አንድ ብልሃት አለው። ፊደሉ ላይ ቆማ በቁጥሮቹ ሰሌዳ ያለውን 2 ቁልፍ ሦስት ጊዜ ከተጫነች የፊደሉን ቁጥር ይነግራታል፤ «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656 ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ማድረግ አይቻልም፤ ለዚህም ነው ድምፅ ብሬልን ተክቷል ሲባል የማልስማማው። በጆሮ ብቻ ያደገ ልጅ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ቃሉ ግን እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም። መርሐ ዕውራን ውስጥ ጣቱን ነጥብ ላይ የሚያለማምደው ሕፃን የሚያገኘውን ነገር ላፕቶፕ አይሰጠውም።

ሰበታ ላይ ደግሞ ቋንቋው አንድ አይደለም። ዕጩ መምህርቷ በአንድ ቀን አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛም ታነባለች። ስክሪን ሪደር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ድምፁን የሚቀይረው ጽሑፉ «ይህ አማርኛ ነው»፣ «ይህ አፋን ኦሮሞ ነው» የሚል ምልክት ከበስተጀርባ ከተጻፈበት ነው። ግዕዝ ፊደል በመልኩ ስለሚለይ ማሽኑን ብዙ አያሳስተውም። ቁቤ ግን የላቲን ፊደል ነው፤ ምልክት ከሌለው ማሽኑ እንግሊዝኛ መስሎት በእንግሊዝኛ ደንብ ያነበዋል። ቁቤ ላይ «ጥ» የምትባለውን እንደ እንግሊዝኛው ኤክስ፣ «ጭ» የምትባለውን እንደ ሲ ይጠራታል፤ የሚሰማው ነገር አፋን ኦሮሞም እንግሊዝኛም አይሆንም። በትክክል ምልክት ከተደረገበት ግን ቁቤ ከአማርኛ ይልቅ ለማሽን የተመቸ ነው፤ መጥበቁን ተነባቢውን በመድገም፣ የአናባቢውን መርዘም አናባቢውን በመድገም ስለሚጽፍ ለግምት የሚተወው ጥቂት ነው። ምልክቱን ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው። ወርድ ላይ አንቀጹን መርጦ፣ ሪቪው በሚባለው ክፍል ገብቶ ቋንቋውን መሰየም ይበቃል። ብዙ መምህር ይህ ክፍል ለፊደል ግድፈት ማረሚያ ብቻ ይመስለዋል።

አሁን ሦስቱን ፋይሎች እንክፈት።

የጓደኛዋ ማስታወሻ ሲከፈት ለዓይናማ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ስክሪን ሪደሩ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ይደረድራል። እያንዳንዱ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ዓለም ሁሉ የተስማማበት ዩኒኮድ የሚባለው የቁጥር ሰሌዳ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ «ሀ» 4608ን ይዛ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ በተርታ ይከተላሉ። ከዚያ በፊት ግን ሰዉ አማርኛ መጻፍ ነበረበት፤ ጻፈም። የያኔዎቹ ፎንቶች ቦታ ያገኙት የላቲን ፊደላትን ቁጥር ወስደው፣ በቁጥሩ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ በመሳል ነበር። ቦታው ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አድርገው አጣበቁት። ያ ብልሃት የአማርኛን ጽሕፈት በኮምፒውተር ዘመን ያሻገረ ትልቅ ሥራ ነበር፤ የሠሩትን አከብራለሁ። ነገር ግን በስክሪን ሪደር ዝርዝር ላይ የሚሰፍረው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ የላቲን ነው፤ ማሽኑም የላቲኑን ያነባል። የግዕዝ ካባ የለበሰ የፈረንጅ ፊደል ማለት ነው፤ ካባውን የሚያየው ዓይን ብቻ ነው።

እነዚህ ፎንቶች ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱና በየፈተና ወረቀቱ አሉ። መለየቱ ቀላል ነው። ከፋይሉ ላይ አንድ መስመር ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፤ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮው ነው። የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለአዲስ ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ መጻፍ ነው። ስልኮቻችን ላይ የምንጽፈው አማርኛ ሁሉ ዩኒኮድ ነው፤ ስለዚህ ሰው በስልኩ በቴሌግራም የጻፈላት ተራ መልእክት፣ በቢሮ ኮምፒውተር ከተጻፈ የተዋበ ፋይል ይልቅ ለእሷ ይነበባል።

ሁለተኛው፣ የተማሪው መጽሐፍ። ፒዲኤፍ መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከጽሑፍ የተሠራ ነው፤ ፊደሎቹ ቁጥራቸውን ይዘው ውስጡ አሉ። ሌላው ገጹ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ፎቶ እንጂ አንድም ፊደል የለም። ስክሪን ሪደሩ ባዶ ገጽ ነው ይላታል፤ ወይም ምስል ብሎ ያልፋል። በጣት ወይም በማውዝ አንድ ቃል ለመምረጥ መሞከር ልዩነቱን ያሳያል። ቃሉ ለብቻው ከተመረጠ ጽሑፍ ነው፤ ገጹ በሙሉ ከተመረጠ ወይም ምንም ካልተመረጠ ፎቶ ነው።

ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1985 በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የተከፈተ ነው፤ ዛሬ አማርኛም ያውቃል። የገጹን ጥቁርና ነጭ ለይቶ፣ መስመሩን ፈልጎ፣ ከለመዳቸው ቅርጾች ጋር እያስተያየ የቱ ፊደል እንደሆነ ይገምታል። ፊደላችን በአንዲት ሰረዝ ስለሚለያይ ግምቱ ይስታል። «ደ» እና «ጀ»ን ውሰዱ፤ ልዩነታቸው አናቱ ላይ ያለው ጭረት ነው። ጭረቱ በፎቶ ኮፒ ከደበዘዘ «ጀመረ» የነበረው «ደመረ» ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ በሒሳብ ትምህርት ላይ ሲመጡ ስህተቱ በጆሮ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ የተመለሰ ጽሑፍ ተማሪ ፊት ከመቅረቡ በፊት ዓይናማ ሰው ከዋናው ጋር ሊያመሳክረው ይገባል። መጽሐፍን እንዲህ ለውጦ ለዓይነ ስውር መስጠት የደራሲን መብት መንካት ነው ወይ ብለው የሚሠጉ አሉ። የማራካሽ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ይህን ሥጋት ለማንሣት ነው፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች።

ሦስተኛው መልመጃው ነው። ጽሑፉ ይነበባል፤ «በሥዕሉ ላይ የሚታዩትን አራት ደረጃዎች ሰይሙ» ይላል። ቀጥሎ ማሽኑ «ግራፊክ» ብሎ ዝም ይላል። ሥዕሉ ለዓይን የባቄላን ዘር አበቃቀል ያሳያል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ስም የለውም። አዘጋጁ ምስሉን በቀኝ ቁልፍ ነክቶ የምስል መግለጫ የሚጻፍበትን ሳጥን ቢከፍት ኖሮ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። ጥሩ መግለጫ ሥዕሉ የተሣለበትን ምክንያት ይናገራል። «የባቄላ ሥዕል» ማለት አይረዳም። «አራት ሥዕሎች ከግራ ወደ ቀኝ፤ በመጀመሪያው ዘሩ አፈር ውስጥ አብጧል፤ በሁለተኛው ሥር ወደ ታች ወጥቷል፤ በሦስተኛው ግንዱ ጎብጦ አፈሩን ሰንጥቋል፤ በአራተኛው ሁለት ቅጠሎች ተዘርግተዋል» ሲል ግን መምህርቷ ትምህርቱን ይዛ ክፍል ትገባለች። እውነተኛ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አብቅላ ልጆቹን ማስነካት ደግሞ ከሥዕሉም ይበልጣል፤ የሚያይም የማያይም ተማሪ ሥሩን በጣቱ ያገኘዋል።

ሒሳብ ላይ ይህ ጉዳይ ይከብዳል። ክፍልፋይና ቀመር ብዙ ጊዜ በምስል ነው የሚለጠፈው፤ ለስክሪን ሪደር ጸጥታ ነው። ወርድ ውስጥ ባለው የቀመር መጻፊያ ከተጻፈ ግን የላይኛውና የታችኛው ቁጥር ማንነታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ተጨማሪ መርጃ የተጫነበት ኤንቪዲኤም በእንግሊዝኛ «ሦስት አራተኛ» እያለ ያነበዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ ሒሳብን ወደ ኋላ እየተወ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ብቻ ሲገፋ ኖሯል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከችግሩ ትልቁ ክፍል የልጁ አእምሮ ሳይሆን የወረቀቱ አዘገጃጀት ነው።

በኮሌጁ አጠገቧ የሚማረው ዓይናማ ዕጩ መምህር ይህን ሁሉ ማወቁ የግድ ነው፤ ነገ ዓይነ ስውር ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ያገኛል። ያዘጋጀውን ፋይል የሚፈትሽበት ከሁሉ የሚሻል መንገድ ኤንቪዲኤን ጭኖ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ፣ በጆሮው ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማድመጥ ነው። ርዕሱ ጋ በኤች መድረስ ካልቻለ፣ ሥዕሉ ጋ ዝምታ ከገጠመው፣ የት ቦታ እንደሚያስተካክል ወዲያው ያውቃል።

የቀረው ማርክ ሊስቱ ነው። ትምህርቱ አልቆ ውጤት ሲሞላ ዓይነ ስውር መምህር ለብዙ ዘመን በሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር፤ ቁጥሩን የሚጽፈውም የሚያነበውም ሌላ ነው። ኤክሴል ላይ ግን ራሷ ትሞላዋለች። መጀመሪያ የትምህርቶቹ ስም የተጻፈበት ረድፍ ላይ ቆማ ኢንሰርት፣ ሺፍትና ሲን ትጫናለች፤ ኤንቪዲኤ ያንን ረድፍ የዓምዶቹ ርዕስ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ የተማሪዎቹ ስም ዓምድ ላይ ሆና ኢንሰርት፣ ሺፍትና አርን ትጫናለች። ከዚህ በኋላ ወደ ታች በወረደች ቁጥር የተማሪው ስም ቀድሞ ውጤቱ ይከተላል፤ ወደ ጎን ስትሄድ የትምህርቱ ስም ይጠራል። ሮስተሩን የሚያዘጋጀው ሰው ለማሳመር ብሎ ሁለትና ሦስት ሴሎችን አንድ ላይ ካዋሐደ ግን ርዕሱ ከዓምዱ ይለያያል፤ የሳይንሱ 78 ከየትኛው ትምህርት ሥር እንዳለ አይታወቅም። ሴል ሳይዋሐድ፣ በየዓምዱ አናት አንድ ስም፣ በየረድፉ መጀመሪያ አንድ ተማሪ ተደርጎ የተላከ ሮስተር ቀንም ሌሊትም ያለ ረዳት ይሞላል።